ቀለም ቆጠራ

አባቴ በዕድሜው ቀለም አልቆጠረም፤
ፊርማው አውራ ጣት ነው፣ ሌላ አልነበረም።
የባንኩ ወረቀት፣ የቤቱ ውል ሁሉ
በሐምራዊ ጣቱ ታትመው ይታያሉ።

አሁን ግን አፉላ፣ ከጣቢያው ጀርባ፣
ግሪሻ ቀለም ሱቅ አብረን ስንገባ፣
እንደ ጣዎስ ጅራት ተዘርግቶ ከፊቱ
የቀለም ናሙና፣ ሺህ ሁለት መቶ ዓይነቱ፣
መነጽር አጠለቀ፤ ጣቱን ምራቅ ነካ፤
አንድ ብሎ ጀመረ። ሰባ ዓመቱን ለካ
ሲጠብቅ የኖረው ይህን ቀን ነበረ።
ግሪሻ ሰዓት አየ። ከዚያ ወንበር ጨመረ።

«የሐር ጭጋግ» ብዬ ዕብራይስጡን ሳነብለት
«ዳለቻ ነው» አለኝ፣ «የቱ ጋ ሐር አለበት?»
«የምድረ በዳ ምሽት።» «ወሰራ ነው፣ ዶሮ።»
«የደመና እንቅልፍ» ስል ሳቁ መጣ ሰብሮ፤
«ገብስማ ነው እንጂ፣ ማን አንቀላፍቶበት?
ይህን ስም ያወጣ ከብት የለውም እቤት።»
ግሪሻ፣ ከኦዴሳ፣ አማርኛ ሳያውቅ፣
«ወ-ሰ-ራ» እያለ ይሞክራል ሲስቅ።

እህቴ ስማዳር በስልክ ትጮሃለች፦
«ነጭ! ነጭ ያሰፋል፤ ቤቷ ጠባብ ነች!»
አሥራ ዘጠኝ ነጭ አለ ሱቁ ውስጥ ብቻውን፤
ሽበቱን፣ አጓቱን፣ ጥጡን፣ ኖራውን
አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አወጣ፣
አስተያየና ዘጋው፦

«ልጄ፣ ነጭ የምንቀባው እኮ ስንወጣ ነው።»

እውነት ነው። ነጭ ነበር መርካዝ ቅሊታችን፤
ምስማር ክልክል ነበር፣ ወለል ላይ ሥዕላችን።
ካራቫኑም ነጭ። ከዚያ የሰው ቤት ኪራይ፣
ሐዴራ፣ ነታንያ፣ ሁሉም ባንድ መልክ ሲታይ፤
ቁልፍ ስናስረክብ፣ ጓዝ ተጭኖ ሲሄድ፣
ሦስት እጅ ነጭ ነው ሂሳቡ ለቀብድ፦
በርሳስ የተሰመረ የስማዳርን ቁመት፣
የኔንም፣ ከሷ በላይ፣ የአሥራ አንድ ዓመት፣
በእናቴ አልጋ ራስጌ፣ ግድግዳው የጠጣው
የፀጉሯን ቅባት፣ ነጩ መጥቶ ዋጠው።

«ማማዱስ?» ግሪሻ ጠየቀ እየጻፈ፤
(ያን የኮንክሪት ክፍል፣ በብረት የታቀፈ፣
ሳይረን ሲጮህ ሮጠን የምንታጨቅበት።)
«አስኳል ነዋ» አለ፣ «ቅርፊቱን ሠሩለት፤
ውስጡን ቢጫ አድርገው።»

ሳሎኑ ላይ ቆመ።
የሚሻው ጠይም ነው። መጽሐፉ ላይ የለም፤
ቡናማም አይደለም፣ ቸኮላት አይደለም፤
«ጠይም፣ ዓሣ መሳይ» ብሎ ሲያስረዳው
«ዓሣ?» አለ ግሪሻ፤ ብርማ አመጣው።
ዕብራይስጥ አገላበጥኩ፤ ጠይም የሚል አጣሁ፤
አስተርጓሚ ነኝ ባይ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።
ዞር አለ አባቴ፣ ጉንጬን በጣቱ ነካ፦
«ይኸው፣ እናቷን ናት። ከዚህ ውሰድ፣ ለካ።»

(ውሉ ሲፈረም እንኳ እሷ አልደረሰችም፤
እዚህ አገር ከነጭ ሌላ ግድግዳ አላየችም።)

ከመሳቢያው አወጣ አንዲት ትንሽ መብራት፣
ቀለም የምታነብ፣ የክብሪት ቤት ያህላት።
ጉንጬ ላይ ቀዘቀዘች። ግሪሻ፦ «አትሳቂ፤
ስትስቂ ይቀላል፤ ትንሽ ጊዜ ጠብቂ።»
ጠብ አለ ጥቁሩ፣ ቀዩ፣ ቢጫው ትንሽ፤
ለክዳኑ ስም አለ። ነገርኩት፦ «አወጣሽ»፤
አሌፍ፣ ቫቭ፣ ጤት፣ ሺን፣ በማርከር ጻፈው።
ባልዲውን አባቴ እንደ ሕፃን አቀፈው።

ሐሙስ ሁለት እጅ ቀባን። ስማዳርም መጣች፤
ጫማዋን ሳትፈታ በሩ ላይ ቆመች፤
ነጭ ስለሚሉት ጉድ አንድ ቃል አላነሳች።
ጊቫት ሃሞሬ ላይ፣
ከመስኮት ባሻገር ሸለቆው ዳመነ፤
አባቴ፣ ደርቆ እንደሁ፣ አውራ ጣቱን ጫነ።
አልደረቀም ነበር።

አሁን ካሌንደር ተሰቅሏል፣ በምስማር፣ በዚያ ላይ።
ወር ሲያልቅ ብቻ ነው፣ ገጹን ሳነሳ፣ የሚታይ።