ከሃያው አራት

አባቴ አዛናው፣ የፒያሳ ተራ አስከባሪ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ያለ ጡሩንባ ጠሪ፣
“አዘዞ! አዘዞ! አንድ ሰው የቀረ!”
እያለ፣ ከጃንተከል ዋርካ ወፍ እያባረረ፤
ጎማው ሳይንቀሳቀስ ድምፁ ቀድሞ ወርዶ
ማራኪ ይጠብቀው ነበር፣ ከመንገድ ዳር ማልዶ።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣
ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ እንዳለ፣ ሳይጮኽ፣ ሳይደነግጥ፣
ቀኝ ጎኑ ተኛ።
አፉም ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ የማያውቀው አገር መንገደኛ።

“ጥቂት ቃል ጠፍቶበታል” አለች ባንቺአምላክ፣
“የቀረው ግን ውስጡ አለ። መውጫው ነው እንቢ ያለው።”
እኔም በተራ ቋንቋ ተረዳሁት፦
ተሳፋሪው ሞልቷል፣
ሞተሩ ተነሥቷል፣
የበሩ እጀታ ግን ዛሬ ወዲህ፣ ነገ ወዲያ ነው።

በሆስፒታሉ ጠባብ ክፍል፣
ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅላ፣
ሃያ ሥዕል ዘረጋችለት፤
ቁልፍ፣ ጨረቃ፣ ወንበር፣ በግ…
አሥራ አንደኛው ቢጫ ፍሬ ነው። ትርንጎ።
ስሜ ነው።

አየው። አየኝ።
ምላሱ በጨለማ ደረጃ እንደሚፈልግ እግር ዳበሰ።
“ድ… ድርን…”
“ብርንጎ።”
ራሱን ነቀነቀ፤ ስሕተቱን ከሁላችን በፊት እሱ ሰማው።
“ትር… ትር… ንዶ።”
ግንባሩን በግራ እጁ ጠረገ።

በስልኳ የቀዳችውን ለስድስት ሰው አሰማች፣
አባቴን ለማያውቁት፣
የሰሙትን ብቻ እንዲጽፉ፣ ሳያዝኑለት።
አንዱ “ብርንዶ” አለ (ጾም ላይ ሳይሆን አይቀርም)፤
አንዷ “ድንጋይ”፣ ሌላው “ጥር”፣
አንዱ ደግሞ ምንም ሳይጽፍ አሰመረ።
ውጤት፦ ከሃያው አራት።
ወረቀቱን ተቀብዬ አጠፍኩት፣ እንደ ክስ መጥሪያ።

ሰፈር ውስጥ ፈተናው ይከብዳል።
ባለሱቁ እንየው በጠዋት “ጠጥተሃል?” አለው።
ጎረቤቱ ጆሮው የተደፈነ ይመስል ይጮኽበታል።
የክርስትና ልጁ ምንም ሳይገባው “እሺ፣ እሺ ጋሼ” ይለዋል፤
ከሁሉ የሚያመው ያ “እሺ” ነው፣
ሳይሳፈሩ ሒሳብ እንደመክፈል።

አንድ ቅዳሜ፣ ከሕክምና ስንመለስ፣ ፒያሳ፤
ልጅ እግሩ ረዳት ጉሮሮው ተዘግቶ ይስላል።
አባቴ ምርኩዙን ተደግፎ ቆመ። ደረቱ ከፍ አለ።
“አዘዞ! አዘዞ! አንድ ሰው የቀረ!”
ጥርት ያለ። አንዲት ፊደል ሳትሰበር።
ሰው ተሻማ፤ ታክሲው ሞላ፤ እኔ ቆሜ አለቀስኩ።
“እርስዎስ፣ አባባ? ወዴት ነዎት?” አለው ልጁ።
አባቴ አፉን ከፈተ።
ቤት ማለት አቃተው።

በማግሥቱ ባንቺአምላክን “እኔን ፈትኝኝ” አልኳት።
ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ፊቱን ሳላይ፣ እጁን ሳላይ፣
ከሃያው አሥራ ሦስት።
ሰባቱን፣ ልጁ ሆኜ፣ አልሰማኋቸውም።
ዞሬ ዐይን ዐይኑን እያየሁ ደገምነው፤ አሥራ ሰባት።
“ታዲያ ውጤቱ የማን ነው?” አልኳት፤ “የአፉ ነው የጆሮዬ?”
እስክሪብቶዋን ነክሳ ቆየች።
“ቅጹ ላይ” አለች፣ “የስም ቦታው አንድ ብቻ ነው።”

ዛሬ ማታ መብራት ጠፋ።
ከመደቡ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ስሜን ይሁን፣
ውኃ ይሁን፣ ብርድ ይሁን፣ እንጃ።
“እሺ” ልል አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት።
ሻማ ለኮስኩ፣ ከንፈሩን እንዳይ፤
በርጩማዬን አስጠጋሁ።
“አልሰማሁህም፣ አባዬ። ድገመው።
አንቸኩልም፤
ታክሲው ገና አልሞላም።”