ቤት ያልመታች ስንኝ

መጀመሪያ ያሳቀኝ የከተማው ስም፤
በባቡሩ ጥሪ፣ "ቀጥሎ ኮኸም!"
ሲባል፣ እኔ የሰማሁት "ኮክም" ነው፣ "ኮክም"።
እንደ ገበያተኛ ዞር ብዬ ፈለግሁ፤
ዘንቢልም አላየሁ፣ ፍሬም አላገኘሁ።
የካቲት ነበረ፤ ጉም ብቻ፣ ወንዝ ብቻ፣
በችካል የታሰረ ራቁት ወይን ብቻ።

መጋቢት ሲጋመስ ግን፣ ከቁልቁለቱ ላይ፣
ከወይኑ እርከን መሃል፣ ከድንጋይ ካብ በላይ፣
ቅጠሉ ሳይቀድመው፣ ማንም ሳይጠራው፣
ለካ ኮክ ኖሯል! ሮዝ ሆነ ተራራው።
ስሙን ማን አወጣው ብዬ አልጠየቅሁም፤
ጆሮዬ ላወቀው ምስክር አልሻም።

ፖስተኛው ቲልማን ብስክሌቱን ገፍቶ
ዳገቱን ሲወጣ፣ ቅርጫቱ ተከፍቶ፣
የመብራቱ ሂሳብ፣ የውሃው ደረሰኝ፣
አበባ ለብሶ ነው ከበር የሚደርሰኝ።
እሱ አያራግፈውም፤ እኔም አላራግፍ፤
እስክከፍል ድረስ ከጠረጴዛው ጫፍ
ዕዳዬ ያብባል።

ሥራዬ ጥረዛ ነው፤ መጽሐፍ እሰፋለሁ፣
ጀርባው የተላቀቀ፣ ገጹ የኮበለለ እቀበላለሁ።
አሠሪዬ ኢርምጋርድ ሰማንያ አልፏቸዋል፤
መነጽር ደርበው ክሩን በሰም ሲያሹት አፋቸው ያፏጫል።
ሰም አለ በጣቴ፣ ወርቅ አለ መሳቢያ፣
በትንፋሽ የሚበር፣ ለርእስ መጻፊያ፤
ሁለቱን ይዤ ግን ቅኔ አልሆነልኝም፣
ሰም ሰም ነው፣ ወርቅ ወርቅ ነው፤ ማታ አይጋጠምም።

ማታ እጽፋለሁና። ለራሴስ በዕጣ
የኪራይ ቤት ደረሰኝ፤ ስንኜ ነች ቤት ያጣች፣ ሳምንት ሙሉ ቤት ያጣ
ቃል ይዛ የቆመች። መጨረሻዋ "እርጥብ"።
"ርግብ" አልኩ፣ ውሸት ነው፤ የት አለና ርግብ?
"ምግብ" አልኩ፣ ሳቅሁና፣ ተነስቼ በላሁ፤
ዳቦ በቅቤ ነበር። ከዚያ ተመለስኩና እሱንም ሰረዝሁ።

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣
የዓመቱ መጀመሪያ ሙቀት ሰተት ብሎ ገብቶ፣
የወይን ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ ነበር ከፊቴ፣
(ገቢ፣ ወጪ፣ ብድር፣ የበርሜል ቁጥር፣
ፈገግታ የሌለው ከዳር እስከ ዳር)
የውስጥ ልባሱን ሙጫ ቀብቼ ስደፋ፣
አንዲት የአበባ ቅጠል ገባች፣ ነፋስ እየገፋ።
አላየኋትም። አነጠፍኩ፣ ዳበስኩ፣
በአጥንት ማለስለሻ አየሩን አባረርኩ።
ከዚያ በጣቴ ጫፍ አንድ እብጠት ነካሁ፣
ጥፍር የምታህል፤ ደነገጥኩ፣ ጠራሁ።

ኢርምጋርድ መጡ፤ ምላጭ ያነሳሉ ስል፣
ዳበሱ በቀስታ፣ ትኩሳት እንደያዘው የልጅ ግንባር ያህል።
"ተያት" አሉ፣ "ትኑር። ዕዳውን ሲደምር
ጣቱን ታደናቅፈው፤ ቆም ይበል፣ ይመራመር።
ካልሆነም አይጥ ያግኛት፣ ዘመኑ ሲያረጅ፣
ሙጫ የሰለቸው አበባ ይልመድ እንጅ።"
ሳቅን። ከመጭመቂያው ሥር አስገባናት አብረን፣
እሳቸው ብረቱን፣ እኔ እጀታውን ይዘን።
ፉጨታቸው እስከ ማታ ቤቱን አልለቀቀም፤
የምን ዜማ እንደሆን እኔም አልጠየቅሁም።

ሲመሽ ወረቀቴን ከፈትኩት እንደገና፤
እዚያው ቆማለች፣ ቤት አልመታችምና።
ልሰርዛት ብዬ ብዕሬን አነሳሁ፤
ዳበስኳት በጣቴ። እብጠት አላት።
ሌሊቱ ሞቃት ነው፤
ደጅ ትደር አልኩና መብራቱን አጠፋሁ፦

ከሩቅ ሮዝ፣ ከቅርብ ነጭ፣ እጄ ላይ ግን እርጥብ