ሁለት መስመር

ዓርብ ከሰዓት። ማክሉፍ የቆርቆሮውን በር እስከ ወገቡ አውርዶ፣
ቁልፉን ለኔ ጥሎ፣ ሰንበትን ሊቀበል ሄዶ፣
ከኤሜቅ ሣራ ጋራዦች የበራው የኛ ብቻ ነው መብራቱ፤
ከቤርሳቤህ ዳር በረሃው በበሩ ሥር አቧራ ይነፋል በከንቱ።

ክሪኩ ላይ የወንድሜ መኪና ሆዷን ለኔ ሰጥታ ቆማለች፣
ጃፓን የሠራት ሰማያዊ፤ በወር ከእናታችን ኪራይ በላይ ትበላለች።
ስሙ እንግዳው ነው፤ ተማሪ ቤት «ኦፊር» ብለው መዘገቡት፤
በሁለቱም ቢጠሩት አይመጣም፣ ገንዘብ ካልጠሩለት።
«ከኋላ ትከዳኛለች» አለኝ፣ «መታጠፊያ ላይ ነዳጅ ስሰጣት
አንድ እግሯ ብቻ ይጮሃል፤ አንዱ እግሯ ሞተባት።»

አልሞተባትም። የዲፈረንሻሉ ጠባይ ነው።
መንገድ ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ብዙ ይሄዳል፣ የውስጡ ጥቂት፤
እሱ መሀል ተቀምጦ ለየራሳቸው ይፈቅዳል፣ ያለ አንዳች ሙግት።
ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን የሞኝ፦
አንዱ ጎማ አሸዋ ረግጦ ባዶውን ሲሽከረከር
ጉልበቱን ሁሉ ለሱ ያፈሳል፤
መሬት የጨበጠው ቆሞ ያያል።

እናታችንን ነው የማወራው።
እንግዳው በተንሸራተተ ቁጥር፣
ከሠራዊት ሲኮበልል፣ የስልክ ሱቁ ሲዘጋ፣
ሠርጉ ሳይደርስ የአዳራሹን ቀብድ ሲበላ፣
ከማሸጊያ ፋብሪካ ያጠራቀመችው ጡረታ፣
የኔም ደሞዝ እኩሌታ
ወደሚሽከረከረው ጎማ ፈሰሰ።
እኔን ግን፣ ከሠራዊት የጭነት መኪና ጥገና ተምሬ የወጣሁትን፣
«አንቺማ ደህና ነሽ» ብላ መረቀችኝ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ምርቃት ጾሜን አደርኩ።

ዘይቱን አፈሰስኩ፤ ጥቁር፣ የሰነበተ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፤
የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ የብረት ጭገር፣ ልክ እንደ አይጥ።
አዲሱ በአሽዶድ ወደብ፣ በቀረጥ ተደብድቦ የገባ፣
ሆዱ ውስጥ ስስ ስስ ሳህን የተደረደረበት፣
ሌሊቱን እንደ ሽምብራ በዘይት የዘፈዘፍኩለት።

በጥርስና በጥርስ መሀል ክፍተቱ፦ ከሚሊሜትር መቶኛ አሥራ ሁለት።
ቢጠብ ያፏጫል፣ ቢላላ ይማታል።
ቢጫ ቀለም ቀብቼ አዞርኩት፤ ንክሻው ከጥርሱ ዳር ወደቀ።
ፈታሁት። ከወረቀት የሚሳሳ ቀለበት ጨመርኩ። ገጠምኩት። አሁንም ዳር።
ፈታሁት።
በሦስተኛው መሀል ለመሀል ነከሰ።
በጉልበቴ እንደተንበረከክሁ፣ ብቻዬን ሳቅሁ።

አዲሱ በውስጡ ፍትጊያ አለው፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው።
አንዱ ጎማ ሲከዳ ሳህኖቹ ይጣበቃሉ፣
«ቆይ» ይሉታል፤ ከሚበትነው ቀንሰው ለቆመው ያካፍላሉ።
በፍቅር አይደለም። በመፋተግ።
እኛ ቤት ግን ዘይቱ ዝምታ ነበር፣
እስከ አፍ ገደፉ ተሞልቶ።

እንግዳው መጣ፣ ሽቶ ተቀብቶ።
«ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሼቀል» አልኩት።
ሳቀ። «ለወንድምሽ?»
«ለወንድሜማ ነው። ለሌላ ሰው አራት ሺህ።»
ሳቁ ፊቱ ላይ እንደ ግራሶ ረጋ።
ስልኩን አወጣ፤ አንድ ሺህ ላከ፤
ቀሪውን «ከበዓል በኋላ»።
የትኛው በዓል፣ አላለም።
ሳህኖቹም ገና አልተላመዱም።

ማላመድ ማለት፦ ከተዘጋው የጠርሙስ ፋብሪካ ግቢ ገብቶ
ቀስ እያሉ ስምንት ቁጥር መጻፍ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና።
በየመታጠፊያው ከኋላ ጉርምርምታ ይመጣል፣
ሽማግሌ አጥንት የሚቆረጥም ይመስላል።
«ተበላሸ እንዴ?» አለ።
«አይ፤ እየተነጋገሩ ነው።»

የእናታችን ስልክ ጮኸ፤ ሰንበት ሊገባ ነው፣ የት ናችሁ።
«ደርሰናል» አላት፣ ገና ሳንነሳ።
ከዚያ፣ «አልደረሰም» ሳልለው፣ እግሩን ረገጠ፦
ጩኸት፣ ጭስ፣ የተቃጠለ ጎማ።

ወርጄ አየሁ። ወትሮ የምትተወው አንድ ነበር።
አሁን አስፋልቱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር፣
ጎን ለጎን፣ እኩል ወፍራም፤
አይነካኩም፤
አንዱ ካንዱ አይቀድምም።

«ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ይቀርሃል» አልኩት፣ በሩን ስዘጋ።