የአራጌ እጅ

ሐረጎን ስትወርድ ፍሬኗ ጨሶባት፣
ጋሽ ይመር መኪናዋን ደጄ ላይ ገታት።
ያቺው ኤፍኤስአር፣ ያቺው አሮጊቱ፣
«ይሁና» የሚል ነው የግንባር ጽሕፈቱ።

«ኑርዬ» አለኝ ወርዶ፣ ሽርጡን እያጠበቀ፣
«ስፖኪዮዎቼ ላይ ፍሬቻ ግጠምልኝ፣ ሌላው ሁሉ ይቅር።
ትናንት አራዳ ላይ፣ ደሴ፣ ጉም ወድቆ፣
ወደ ቀኝ ስታጠፍ፣ ባጃጅ ከሆዴ ሥር ዘልቆ፤
የፊቴን አላየ፣ የኋላዬ ርቆ!
ልጁ ተረፈልኝ፣ መስታወቱ ደቅቆ።»

አንገቴን አስግጌ ጋቢናውን ባየው፣ የአራጌ ወንበሩ፣
ሽንኩርት ተቀምጧል፣ ከነሙሉ ክብሩ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጎን ፍሬቻዋ
አራጌ ነበረ፤ ክንዱ ነው ቋንቋዋ።
በሩን ሁለቴ መትቶ፣ ክርኑን ዘርግቶ፣
«ልንዞር ነው፣ ወገን!» ይላል፣ ከመስኮት ወጥቶ።
የባቲ ግመል ነጂ፣ የደጋን ባለጋሪ፣
ያን እጅ አይቶ የማይቆም የለም አሽከርካሪ።
በዚያው እጁ ደግሞ፣ መኪናዋ ሳትዞር፣
ለሐርቡ ፓፓያ ሻጮች ሰላምታ ይወረውር ነበር።

ሞተ እንዳትሉኝ ብቻ፤ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ
ጅቡቲ ይመላለሳል፣ ሲኖትራክ አግኝቶ።
መረቀው ጋሽ ይመር። ጎማ መለወጫ ሰጠው።
ሌላ ረዳት ግን እስከ ዛሬ አልቀጠረም።

ስፖኪዮውን ፈታሁ፤ ብሎኑ ዝጎ
እጄን ልጦኝ ወጣ።
ጀርባውን በትራፓን ቀስ ብዬ በሳሁ፣
ሽቦውን በክንዱ ብረት ውስጥ አሾልኬ ሳብኩ፣
ማጠፊያው ጋ ስደርስ አንድ ጣት ያህል ትርፍ ተውኩ፣
ሲታጠፍ እንዳይበጠስ።
አባቴ ያስተማረኝ ሙያ ይኼው ነው፤
የሚታጠፍ ነገር ላይ ትንሽ ትርፍ መተው።
ናስትሮ ጠቀለልኩ፣ ማሳውን አሰርኩ፣
ፊውዙን መልሼ፣ «በል ሞክረው» አልኩ።

በራ ቢጫው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ያለከልካል!
ጠጠጠጠጠ...
ጅብ ያባረረው አህያ እንደዚያ አይተነፍስም።
«ምን ሆኖ ነው?»
«ጋሼ፣ ይኼ አዲሱ አምፖል ጥቂት ነው የሚጠጣ፤
ፍላሸርህ ደግሞ ከባዱን ለምዷል፤
ሲቀልለት ጊዜ የሆነ ነገር የተቃጠለ መስሎት
ደንግጦ ነው።»
ጋሽ ይመር የሽንኩርቱን ከረጢት ዝም ብሎ አየና
«እኔም ሰሞኑን እንደሱ ነኝ» አለ።
መልስ አላገኘሁም። ሬዚስተር ፈልጌ
በጎን አሰርኩለት፤ የውሸት ሸክም ነው፣
ምንም አያበራ፣ ዝም ብሎ ይግላል፤
እሱን ሲሸከም ግን ልቡ ተመለሰ፤
ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ...

ግራው ከቀኙ ትንሽ ይቀላል፤
አንድ ዓይነት ጥንድ ከሱቅ አልቆ ነበር።
«ከፊት ለፊት ቆሞ ሁለቱን የሚያስተያይ
ማን አለ?» አለ። ከፈለ። ጨምሮም ከፈለ።
ጎሚስታው ዘሙ ጎማውን እያንከባለለ
«ኳልካት እኮ! ሰርግ ልትሄድ ነው እንዴ?» ብሎ አላገጠ።

መሸ። ከቦርከና ማዶ የፋብሪካው መብራት ወጣ።
«ይሁና» ኋላዋን አዙራ ወደ ባቲ ልትነሳ፣
ከደጄ ወደ አስፋልቱ ቀኝ ስትታጠፍ
ስፖኪዮዋ ጠቀሰ። አንድ ባጃጅ አይቶ ቆመላት።
ልጁ እጁን አነሳ፣ አሳለፋት።

ከዚያ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ መታጠፊያ የለው፤
ፍሬቻው ግን አልጠፋም።
ጠቅ... ጠቅ... እያለ፣ ቤንዚን ማደያውን አልፎ፣
ባሕር ዛፎቹን አልፎ፣
ማንም በሌለበት ጎን ሲያበራ ሲያጠፋ
እስኪሰወር አየሁት።

«ረስቶት ነው» አለ ዘሙ።
ካቻቪቴዬን ከመሬት አነሳሁ፤
የሱቄን በር ሁለቴ መታሁና
ዘጋሁ።