ግማሽ ሻንጣ

ከድምፅሽ ኋላ ላይ ዝናብ ይሰማኛል፤
ቆርቆሮው ይጮኻል፣ ጎንደር ይጨልማል።
አንቺ ትያለሽ፦ «ሹራብ ስንት ልያዝ?»
እኔ እዚህ ኔታንያ፣ ላብ በጀርባዬ ሲጓዝ፣
ሳቄ ያመልጠኛል።

ስሚኝማ ዝማም፣ እኔ ልብስ አውቃለሁ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሆቴል ምድር ቤት
አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣
የእንግዳውን ገበና ከኮሌታው አነብባለሁ፦
ማን ፖሊስተር ለብሶ ባሕር ዳር እንደ ተቀቀለ፣
ማን በጥጥ ሸሚዙ እፎይ እንዳለ።

ጥጥ ያዢ፣ ሳሳ ያለ፤ ከተገኘም በፍታ፣
ጠዋት የሚለበስ ታጥቦ ያደረ ማታ።
ሰፋ ያለ ይሁን፤ ነፋስ ሲመጣ
በእግርሽ በኩል ገብቶ በአንገትሽ ይውጣ።
ጥቁሩን ግን ተዪው፤ ሐዘን የለብንም፣
ፀሐይዋም ጥቁር ካየች ተቀምጣ አትነሣም።

ካልሲ? አንድ። እሱም ለአውሮፕላኑ።
ጫማሽ ክፍት ይሁን። ያን ተረከዘ ረጅሙን፣
ለሠርጉ የገዛሽውን፣ እዚያው አስቀምጪው፤
ወደ ባሕሩ የሚወርደው ደረጃ አይራራለትም፣
አሸዋውም በቀትር ፍም ነው።

ባርኔጣ፣ ሰፊ ክንፍ ያለው።
«እኔና ባርኔጣ! ሰው ምን ይላል?» አትበዪ፤
እዚህ ሰው ምንም አይል፣ ተናጋሪው ፀሐይ።
ቅባቱን እኔው እገዛለሁ።
«ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» ያለሽን ሰው
ላኪልኝና ትከሻዬን ላሳየው።

የውኃ ኮዳ ያዢ፣ ግን ባዶውን፣
ፍተሻው ላይ እንዳያስደፉሽ።
ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር፣ በእናንተ ሰዓት፣
መጋረጃ ዘግተን እንደ ሌሊት ወፍ ነን፤
ሲመሽ እንወጣለን።

ነጠላሽን አደራ፣ ቀጭኗን።
ኢየሩሳሌም ስንወጣ ለትከሻሽ ትሆናለች።
ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ሌላ አገር አለልሽ፤
መዝጋን ይሉታል፤ ከመስታወቱ ወዲያ ዓለም ሲነድ
ከመስታወቱ ወዲህ ደባርቅ ነው፣
ጥርስሽ ይንገጫገጫል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ስምንት ኪሎ አይሞላም።
«ሃያ ሦስት ፈቅደዋል እኮ!» አውቃለሁ።
ሻንጣሽን ግማሽ አድርጊው፤ የቀረው የእኔ ነው።
ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

እኔ ስመጣ ሐምሌ ነበር።
አጎታችን ዋሴ «ባሕር አጠገብ ነው አሉ፣
ውኃ ያለበት አገር ይበርዳል» ብሎ፣
የሱፍ ካፖርት ገዛልኝ፣ ጊደር ሽጦ።
ከአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ስቆም
አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ፊቴ ላይ ወደቀ።
ሰው ሁሉ አወለቀ።
እኔ እስከ አንገቴ ቆልፌ ወረድኩ።
ጊደሯን እንዴት ላውልቃት?
እስከ መቀበያ ጣቢያው ድረስ
ካፖርቱ ውስጥ ዋኘሁ፤ ልጆች ሳቁብኝ፣
አንዲት ሴትዮ «ታመሃል?» አለችኝ።

ካፖርቱ አለ፣ ዝማም።
የዚህ አገር ክረምት አይመጥነውም፣ ጃኬት ይበቃዋል።
በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣
ብል እንዳይበላው ምድር ቤት አወርደዋለሁ፤
በእንፋሎት ስተኩሰው የበግ ሽታ ይሸታል፣
ጓደኞቼ «የማን ነው?» ይላሉ፤
«የእንግዳ ነው» እላለሁ።

ስትመለሺ አጣጥፌ ከሻንጣሽ እከተዋለሁ፤
ለስንሻው ስጪው፣ ትከሻው ሰፍቷል ብለሽኛል።
ዋሴ ቢጠይቅ «ብርዱን ችሎለት ኖረ» በዪው፤
ውሸት እንዳይሆንብሽ
አውቶቡስ ላይ አንድ ቀን እለብሰዋለሁ።

ብቻ ዝናቡ ሳያባራ ድረሺ።
ስንሻው ለብሶት ደጅ ይውጣ፣ ከጣሪያ በታች አይቁም፤
አንድ ከሰዓት እንኳ ይዝነምበት፣
ካፖርት መሆኑን ይወቅ።