ጉልበት

ግዲንያ ወደብ ላይ፣ ከሰው ከፍ ብዬ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በክሬን ጎጆ ውዬ፣
ስንቱን ኮንቴይነር ነው እንደ ላባ ያነሣሁ!
ዛሬ ከአልጋ ስነሣ ግድግዳ እለምናለሁ።
ጉልበቴን ሸጬ ነው ቤቴን የገዛሁት፤
ደረጃው ላይ ደርሼ ጉልበቴን አጣሁት።

ሐኪሙ ራጁን መስኮት ላይ ያዘና፣
«አሠልጣኝ ፈልጊ» አለኝ፣ «ወይዘሮ ቦዜና፤
አጥንቱ ደኅና ነው፣ የሰነፈው ሥጋ።»
ሰነፍ ተብዬ አላውቅም ከክረምት እስከ በጋ።

ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አንዷ ልጄ ያገኘቻት፣
ካሊና የምትባል፣ ክራኮቭ ሆና በስልክ የማያት፤
የወሯ ክፍያ
ቫልዴማር ቤት ቢሆን የሁለት ቀን መግቢያ።
ቫልዴማር ደግሞ ጎረቤት ነው፣ ከዳቦ ቤቱ ሥር፤
ድሮ ነጻ ትግል ይታገል ነበረ፣
ጆሮው እንደ ጎመን ተጠቅልሎ ቀረ።
ብረቱ ዝገት ዝገት፣ ምንጣፉ ጎማ ጎማ ይሸታል፤
ዘፈን የለም፤ ሬዲዮው ለመርከበኞች የነፋሱን ነገር ያወራል።

«የመጀመሪያው ቀን በነጻ ነው» አለኝ፤ ወረድሁ።
«ቁጭ፣ ብድግ!» ሲለኝ ቁጭ ብድግ አልሁ።
ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ግራ ተረከዝሽ ከመሬት ይሸሻል፣
ሸክሙን ሁሉ ለቀኙ ጥሎ፤ ይሄ ኋላ ያስከፍላል።»
ደግሞ ሊያቃናኝ ብሎ፣ እንዲያው እንደ ዋዛ፣
መዳፉን ትከሻዬ ላይ ጣለ፤ ሙቀቱ እንዴት በዛ!

ሌሼክን ከቀበርን ሁለት ክረምት አለፈ፤
ከዚያ ወዲህ እኔ ላይ የማንም እጅ አላረፈ።

ጫማዬን አንጠልጥዬ በካልሲ ወጣሁ።
«ዋጋህ ተወደደብኝ» የሚል መልእክት ላክሁ።
ዋሸሁ።

ስልክ ጥሩ ነው፤ ስልክ እጅ የለውም፤
በፒጃማ ብሠራ ጉዳዩ አይደለም።
ካሊና ሃያ ስትል አሥራ ሁለት እሠራና
«ሃያ» ብዬ እጽፋለሁ፤ አረንጓዴ ያበራና
«ጎበዝ!» ይለኛል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ «ራስሽን ቅረጪና ላኪ፣
አቋቋምሽን ልየው» አለች።
ቀረጽሁ። ላክሁ። ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ።
መልሷ ማታ መጣ፤ ስለ ጉልበቴ አልነበረም፦
«ከጀርባሽ፣ መስኮቱ ሥር፣ ካፖርት የለበሰው ወንበር፣
ቁመቱ ላንቺ ልክ ነው። ካፖርቱን አንሺና እሱ ላይ ሥሪ።»
መጨረሻው ላይ የፈገግታ ምልክት።
ምን ታድርግ? መዳፍ በምታክል መስታወት
ወንበር ነው ያየችው።

እኔ የክሬን ሰው ነኝ፤ ክብደት አያታልለኝም፤
አርባ ቶን ሲያጓራ እጄ አልተንቀጠቀጠም፤
ያ ካፖርት ቢመዘን ሁለት ኪሎ አይሞላም፤
ሦስት ቀን ዞርሁት።
በአራተኛው አነሣሁት።
ኪሱ ውስጥ የአውቶቡስ ቲኬት፣ አንድ የሳል ከረሜላ።
ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ፤ ደገምሁ፣ አንድ ሌላ፤
ግራ ተረከዜን መሬት ላይ እንደ ችንካር አስሬ።
አሥር ሞላሁ፤ «አሥር» ብዬ ጻፍሁ ሐቁን፤
ስልኩም «ጎበዝ!» አለኝ፣ ያንኑ አረንጓዴውን።
ለሃያ ውሸቴና ለአሥር እውነቴ
አንድ ዓይነት መብራት ነው የበራው በቤቴ።

ሐሙስ ማታ ወረድሁ። (ካሊናንም አልተውኋት፤ ወሩ ተከፍሏል።)
ቫልዴማር ወገቡን ይዞ ብረት ይወለውላል።
«ዋጋህ አልተወደደም» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ።
«ተረከዝሽስ?» አለኝ፤ ሌላ ነገር አልጠየቀ።
«ልትነካኝ ስትል ግን አስቀድመህ ንገረኝ።»
«እሺ» አለ፤ ጠበቀኝ።
ሬዲዮው፦ ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ማዕበሉ መጠነኛ።
«አሁን» አለ።

ቁጭ አልሁ።