የትንፋሽ ጭቃ ሹም

ሜኮንግ ዘጠኝ ሆኖ ባሕር በሚገባበት፣
ጎህ ሳይቀድ ጭቃ ውስጥ ቆማለች ንጉየት፤
ቀበቶዋ ላይ መርፌ፣ ብልቃጥ ከነክዳኑ፣
ሩዙ ላይ ተደፍቷል፣ እንደ ጫጩት ቅርጫት፣ የጠራው ሣጥኑ።

ዜሮ ደቂቃ፣ ሳበች። ዐሥር ደቂቃ፣ ሳበች።
ሃያ ላይ አልቅት ነከሳት፤ ሳበች፣ አልተነቃነቀች።
ሠላሳ። መዝገቧ ላይ በእርሳስ ጻፈች፦
"ማሳ አርባ አንድ። ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚት።
ነፋስ የለም። ዳክዬ አለ።" ከሥሩ አሰመረች።

በኛ ቋንቋ ቢሆን ጭቃ ሹም ነበረች፣
ግብሯን በቁና ሳይሆን በመርፌ የሰበሰበች፤
እህሉን ለባላገር ትታ፣
ትንፋሹን የምታስገብር ጧትና ማታ።

ሽማግሌው ቶዋይ ያያታል፣ ግድቡ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣
ሲጋራውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ባርኔጣውን ጥሎ፦
"ሩዜ ምን በደለ? ማነው የከሰሰው?
አባቴ የበላው ነው፣ ልጄን የማጎርሰው።
ፋብሪካው ሲያጨስ የት ነበር ዳኛችሁ?
የጭቃ ግሳት ነው ዛሬ ያስነሣችሁ?"

መልስ አልነበራትም። ሰዓቷን አየች።
ደግሞ ቱቦ ቀበረችለት፣ ጎኑ የተበሳሳ፤
"ውሃው እዚህ እስኪወርድ ፓምፑን አታስነሣ።
ጥቂት ይጠማ።" ሩዝን ማስጠማት!
ጎረቤቱ ዱክ ሳቀበት፣
ሚስቱ አኮረፈችበት፣
ማሳው እንደ ተረከዝ ተሰነጣጠቀበት፤
እሱም እንደ አስታማሚ፣ ሌሊቱን ሳያርፍ፣
ባትሪ ይዞ ይወጣል፣ ጆሮውን ይደቅናል ቱቦው አፍ።

አጨዳ ደረሰ፤ ሚዛኑ ተሰቀለ፤
ካምናው አንድ ጆንያ እንኳ አልጎደለ፤
የናፍጣው ዕዳ በሲሶ ቀለለ።
ዱክ አየና ዝም አለ።

ሃኖይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ያገር ጓዳ በሠንጠረዥ ተዘርግቶ፣
አሳማው፣ ማዳበሪያው፣ የበረዶው መኪና፣
ከሠርግ የተረፈው ሳይቀር በየረድፉ ገብቶ፣
የቶዋይ ትንፋሽ ተራው ደርሶ መጣ፤
ከነጥቡ ወዲያ፣ ከስንት ዜሮ ኋላ ብቅ አለና፣
ቁጥሩ ሲጠጋጋ ከመዝገብ ወጣ።

"ልኬ ስንት ሆነ?" አላት። አልዋሸችም፣ ነገረችው፦
"ብቻህን ዜሮ ነህ።" ሳቀ። ሲጋራውን ለኮሰው፤
"ይህስ ተቆጥሯል?" አለ፣ ጭሱን በእጁ እየበተነው።

ያኔ ነው ያየችው፣ ከግድቡ ማዶ፣ ዱክ ማሳ ውስጥ፣
ከጣራ አሸንዳ የተቆረጠ ቱቦ፣ በሚስማር የተበሳ፣
ሌሊት የተቀበረ፣ ለማንም ያልተወሳ።
መዝገቧን ገለጠች፤ እርሳሷ ደንዟል፤
"ማሳ አርባ ሁለት" ብላ ጀመረች።
ቆም አለች።
"አልተለካም።
ልክ ነው።"